ነጠላ የለበሰው መስኮት

ውድ ጋሼ ቀለመወርቅ፣

እንደምን ሰነበቱ? እርስዎ ያሉበት ሶለንቱና ባሕር ማዶ አይደለም፤ በባቡር ብነሣ ወዲያው እደርስ ነበር። ግን ፊት ለፊት ካገኘሁዎ ተቆጥተው አያስጨርሱኝም ብዬ ጻፍኩ። ወረቀት አይቋረጥም።

በጥር ስብሰባ ላይ ባርኔጣዎን አንሥተው ከወጡ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን አልመጡም። ቤተ ክርስቲያን ያደረግነው አዳራሽ የእኛ ሲሆን ከሁላችንም በላይ የተደሰቱት እርስዎ ነበሩ። በፈረንጆቹ ሠላሳዎቹ የተሠራ ነው፣ ጌጥ አያውቅም፣ የምሥራቁ ግድግዳ ከሞላ ጎደል መስኮት ነው እያሉ ሲያስጎበኙን የገዛ ቤትዎን የሚያሳዩን ይመስሉ ነበር። መቅደሱ በምሥራቅ መሆን ስላለበት እዚያው መስኮት ሥር ሆነ። መንገደኛ ሁሉ መቅደሱን ሊያይ ነው ተባለና መስኮቱ በጣውላ እንዲደፈን ተወሰነ። እርስዎ ተነሥተው ፉንኪስ ስለሚሉት ጌጥ አልባ የሕንፃ አሠራር ያንን ሁሉ ንግግር አደረጉ። እማማ ከበደች ደግሞ «ሆስፒታል የመሰለ ቤት አስገብተውን፣ ጭራሽ መስኮቱን አትንኩ ይሉናል» አሉ። ከዚያ በኋላ ያየነው ጀርባዎን ነው።

አሁን የሆነውን ልንገርዎ። ጣውላው መጣ፤ አናጢው ታመመ። እስኪሻለው መጋረጃ ይሁን ተባለና ከሃሉንዳ ገበያ ቀይ ከፋይ ገዛን። መጋረጃ ያው መጋረጃ ነው ብለን መስኮቱን የለካ ሰው አልነበረም። ሲሰቀል ግማሽ ላይ ቀረ። አይሳቁ። በማግስቱ ቅዳሴ ነው፤ ሴቶቹ ሁሉ ነጠላችንን አወጣን፣ ትጊ በስፌት መኪናዋ ገጣጠመችውና በቀረው ግማሽ ላይ ተሰቀለ። እማማ ከበደችም እያጉረመረሙ የራሳቸውን ሰጡ።

እሑድ ጠዋት ቅዳሴው መሐል ላይ ፀሐይ ወጣች፣ ጋሼ። ከነጠላዎቹ ጀርባ መጥታ ጥለቱን ሁሉ አበራችው። ወጥቼ ከመንገድ በኩል አየሁ፤ ከጨርቁ በቀር የሚታይ ነገር የለም። ውስጥ ግን ጨለማውን ክረምት ሙሉ በአምፖል ያየሁት ሰው ሁሉ ሌላ ፊት ነበረው። አለቀስኩ። ብቻዬንም አልነበርኩም።

ስንወጣ እማማ ከበደች ክንዴን ያዙኝ።

«ያ ሰውዬ ሲጮህ የነበረው ለዚህ ነው?»

«ለዚህ ነው እማማ።»

«ታዲያ ለምን በአማርኛ አልነገረንም?»

እውነታቸውን ነው። ለእኔ ግን በአማርኛ ነግረውኛል። በስደት በመጣሁበት የመጀመሪያ ክረምት ኩንግስሆልመን ወደሚባለው ሰፈር ወስደው እነዚያን ነጫጭ ቤቶች አሳዩኝ። «ይህን አሠራር ያመጡት ከጦርነት የወጡ ሰዎች ናቸው» አሉኝ። «አውሮፓ ፈርሳ ነበር። ሲነሡ ያማራቸው ግን ቤተ መንግሥት አይደለም፤ ድሃውም ብርሃን የሚገባበት ክፍል እንዲኖረው ነው።» እኔም ከጦርነት የወጣሁ ነበርኩ። በተሰጠኝ ክፍል ውስጥ መጋረጃ ከፍቼ አላውቅም ነበር። የዚያን ዕለት ስገባ ከፈትኩት። እዚህ አገር መኖር የጀመርኩት ያን ቀን ነው፤ እስከ ዛሬ ሳልነግርዎ ቀረሁ።

አናጢው ድኗል። ጣውላው ግድግዳ ተደግፎ ይጠብቃል። አባ ገብረ ወልድ ግን ጉባኤው በዚህ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንደገና እንዲመክርበት ጠርተዋል። ምእመኑ ለሁለት ተከፍሏል፤ እርስዎ ካልመጡ መስኮቱ የሚደፈን ይመስለኛል። ከመካከላችን ከጦርነት የወጣው ስንቱ እንደሆነ ያውቃሉ። ለእኔ የነገሩኝን ለእነሱም ይንገሯቸው። ፉንኪስ የሚለውን ቃል ብቻ ሶለንቱና ይተዉልን።

ወንበርዎን እማማ ከበደች ይዘውልዎታል፤ የተቀመጠበትን ሁሉ ያስነሣሉ። ነጠላቸው መስኮቱ ላይ ስለሆነች እሳቸው በልጃቸው ሹራብ ነው የሚያስቀድሱት። ሌላ እንግዛልዎ ስንላቸው እምቢ አሉ። «እሱ መጥቶ ሳያያት ማንም አያወርዳትም» ብለዋል።

መጋረጃዋን ያስከፈቷት፣
ምንትዋብ