በሞጣው አውቶቡስ የገባሁልህ ዋስትና

ይስማው፣ በስተርጅና ከሰው መሐል ያወጣኸኝ አንተ ነህ። ሌላ የምከሰው የለኝም።

ለሥርዓቱ ያህል ግን፣ እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? የዚያ አገር ብርድ ለቀቀ? ልጆቹስ ደኅና ናቸው? እኔ ጉልበቴን ከማመሙ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለሁ። ድሮ ጸሐፊው ንግግሬን እያለዘበ ይጽፍልህ ነበር። አሁን ከሃምሳ ዓመቴ በኋላ ፊደል ቆጥሬ በገዛ እጄ ስለምጽፍ የሚያለዝብልህ የለም።

አምና ለጥምቀት መጥተህ ከቢቸና ወደ ሞጣ፣ ልጄን ወይንእሸትን ልንጠይቅ የሄድንበትን ቀን አትረሳውም። ጓንት አጥልቀህ፣ ጫፉ ላይ ጥጥ ባለው እንጨት የአውቶቡሱን መያዣ ብረት ትጠርግ ጀመር። ሰዉ ደነገጠ። ጎረቤቴ ፈንታነሽ የሰው ላብ ለመድኃኒት የምትለቅም መስሏት «አውርዱልን!» ብላ ጮኸች፤ ሾፌሩም መኪናውን አቆመ። ያን ጊዜ ማን ተነሣ? እኔ። ወንድሜ ነው፣ እናታችን ስትሞት በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁት ነው፣ ሰው በሚሳፈርበት ባቡርና አውቶቡስ ላይ ያሉትን በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ዲኤንኤ የሚያጠና ነው፣ ያገኘውንም መጥቶ ይነግራችኋል፣ ዋሱ እኔ ነኝ አልሁ። አንተም ከጎኔ ቆመህ «እውነቷን ነው፣ ማርያምን እመጣለሁ» አልህ። ፈንታነሽ ራሷ እጇን አንሥታ እንድትጠርግ ቦታ ለቀቀችልህ።

መጣህ? አልመጣህም። በአንተ ፋንታ የመጣው በስልክ ላይ ያለው ምስልህ ነው። ባሕር ዳር የምትማረው የጎረቤታችን የደምለው ልጅ ከኢንተርኔት አግኝታው ለገና ይዛው መጣች። በፈረንጅ ፊት ቆመህ ታስተምራለህ፤ ከኋላህ ያን ቀን ያነሣኸው የእኛ አውቶቡስ ፎቶ፣ ፈንታነሽም ብረቱን ይዛ፣ ፊቷ ቁልጭ ብሎ። ልጅቱ ስትተረጉምልን፣ በዚህ ብረት ላይ ከሰው አንጀት የሚወጣ ነገር ተገኝቷል ትላለህ። ፈንታነሽ በዚያው እጇ ነው የማኅበራችንን ዳቦ የምታቦካው።

ደውዬ ብጠይቅህ «እታለም፣ ምንም አይደል፣ አብዛኛው ሰው አይጎዳም፣ እኛም አገር ባቡር ላይ ያለው ይኸው ነው» አልኸኝ። ታዲያ የጎረቤቶችህን ፊት ለምን አላሳየህም? የእነሱን ባቡር ባዶውን አሳይተህ የእኛን አውቶቡስ ለምን ከነሰዉ አደረግኸው? ዲኤንኤ በአራት ፊደል ብቻ የተጻፈ ነው፣ እሱን ነው የምናነበው ብለህ አጫውተኸኝ ነበር። እኔ ያን ሁሉ ፊደል ከነዘሩ ስቆጥር ይሉኝታዬን አልጣልሁም። አንተን አራቱ እንዲህ ካደረጉህ፣ ሁሉን ብታነብ ምን ልትሆን ነበር?

አሁን መናኸሪያ ስደርስ ረዳቱ አንዷለም «እትዬ ጥሩአየሁ መጡ፣ እጃችሁን ከብረቱ ላይ አንሡ!» ይላል፤ አውቶቡሱ ሙሉ ይስቃል። ሳቁን እችለዋለሁ። ሰሞኑን በማርያም ዕለት ግን የማኅበራችን ዋንጫ ሲዞር እኔን ዘለለኝ። ፈንታነሽ የፕላስቲክ ኩባያ ለብቻዬ አስቀመጠችልኝና «የእኛ ጀርም እንዳይተላለፍብሽ ብለን ነው፣ ወንድምሽ ኋላ ይቆጣናል» አለችኝ። ዕድሜያችንን ሙሉ በአንድ ዋንጫ የጠጣን ሴቶች ነን። በሰኔ ማኅበሩን የምደግሰው እኔ ነበርሁ፤ ተራዬን ለሌላ ሰጡት። በፈንታነሽ አልፈርድም። እጇን ያነሣችልህ የእኔን ቃል አምና ነው።

መጥተህ በዚያው አውቶቡስ ተሳፈርና ቃልህን ፈጽም፣ ፈንታነሽንም ይቅርታ ጠይቅ ብዬ ለምኜህ ነበር። የደረሰኝ ግን ጥቅል ነው። ክረምቱ የሚለውጠውን ማየት ስለምትፈልግ ሐምሌ ላይ ብረቱን እኔ እንድጠርግልህ እንጨት ልከህልኛል። ይህንኑ በስልክ ስትነግረኝም «እታለም፣ አንቺን ማንም አይጠረጥርሽም» ብለሃል። ጥቅሉን ሳልፈታ ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሼልሃለሁ።

ለባለቤትህ ለስርጉት ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ የላከችልኝ ሹራብ ልክ ሆኖልኛል። ልጅህን ሀይማኖትን ጉንጯን ሳምልኝ። ለትንሹ ለሣህለ ማርያም፣ አክስትህ በእጇ ጻፈች ብለህ ይህችን መሥመር ብቻ አንብብለት። ወይንእሸት ከሞጣ ሰላም ብላሃለች፤ እሷ እንደ እኔ አልተቆጣችም።

እኅትህ መሆኔን አልክድም፤ የአንድ እናት ልጆች ነን። ነገር ግን በአውቶቡስም ሆነ በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ከእንግዲህ በሰው ፊት ቆሜ ዋሱ እኔ ነኝ አልልም።

ጥሩአየሁ አምላኩ
ቢቸና፣ ግንቦት 24 ቀን 2009 ዓ.ም.