ሳይሰረቅ የተገኘው የእናትሽ ዜማ

ልጄ ቨርና፣ በዚያ በኖርዌይ ብርድ እግዚአብሔር ያሙቅሽ፤ ክፉ አይንካሽ። እኔ ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ከመለገሙ በቀር ደህና ነኝ። ፖሙን ውርጭ መታው።

መቃብር የምናስጌጥበት እሑድ ሲቃረብ፣ እናትሽ ትወደው የነበረውን ዜማ በቫዮሊን ልጫወትላት ብል ግማሹ ጠፋኝ። የሚያውቁት ሁሉ ሞተዋል። ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ ለዴልፋ ነገርኳት። ጎበዝ ናት፤ ኢንተርኔት ላይ ፈልጋ ሟቹ ጎረቤታችን ሆባርት ዜማውን ሲጫወት የተቀዳውን ድምፅ አገኘች።

«በነጻ ነው፣ አባባ ኤልመር፤ ይውሰዱት።»

«የሰው ሥራ ሰርቄ ሚስቴ መቃብር ላይ አልቆምም!»

«ወይ ግትርነት! ቤተሰቦቹ ፈቅደዋል እኮ። ይውሰዱት፤ ሲጫወቱት ግን የሆባርትን ስም ይጥሩ ነው ያሉት።»

ይሄማ የኛው የኬንታኪ ተራራ ወግ ነው! ከማን እንደተማርን ሳንናገር መች ዜማ ጀምረን እናውቃለን? አጫውቺው አልኳት። ሆባርት ገና ቫዮሊኑን ሳይነካ፣ «ይህን ያስተማረችኝ ኦቫ ፒኬት ናት» አለ።

እናትሽ! ዴልፋ እንዳታየኝ ፊቷን አዞረችልኝ።

እሑድ ለት የሆባርትን ስም ጠርቼ ሙሉውን ተጫወትኩላት። እባክሽ አንቺም አውርጂና ተማሪው። ከማን ነው ሲሉሽ፣ ከእናቴ በያቸው። ጸሎቷ አይለይሽ።

አባትሽ ኤልመር