የጎደለው ስድስት ኪሎዋት

ጥር 4

ሥራ ከተመለስኩ ሦስተኛ ቀኔ። ዓብዱ ሱቅ ውስጥ ብርድ ልብስ ስሸጥ ዋልኩ። "ይሄኛው ያሞቃል፣ ያኛው ደግሞ የበለጠ ያሞቃል…" እያልኩ። የራሴ ልጅ ግን ያለ ቀኗ ተወልዳ፣ ሦስት ወር ሞልቷትም እግሯ አልሞቅ ብሏል። የሰው መሳቂያ!

ሐኪሟ ያለችው ከጆሮዬ አይጠፋም። "ክፍሉ ይሙቅ። ጭስ ግን በፍጹም እንዳይገባ፣ ሳንባዋ ገና ነው።" ስለዚህ ሂተር ገዛን። እማዬም ልጄን ሮዳስን ልትይዝልኝ ከአንኮበር መጣች።

ማታ ጌታሰው ከደሴ ደወለ። "ሂተሩ ስንት ይበላል?" አለኝ። ባሌ የጭነት መኪና ሹፌር አይደል፣ ሁሉ ነገር ለእሱ ናፍጣ ነው። እኔ ግን አላውቅም።

ጥር 5

ሒሳቡን ሠራሁት። ባልሠራሁት ይሻለኝ ነበር።

የሂተሩ ጀርባ ላይ "1000 ዋት" ይላል። አንድ ሰዓት ከበራ አንድ ኪሎዋት በላ ማለት ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ ሦስት፣ ማታ እኔ ከገባሁ ሦስት። ሌሊት በእቅፌ ናት፣ እሱ በነፃ ነው። ዘጠኝ መጣ። ለአምፖሉና ለቴሌቪዥኑ አንድ ብጨምር በቀን አሥር። በወር ሦስት መቶ! ባለፈው ካርድ የሞላንበትን ብር ሳካፍለው አንዱ ኪሎዋት አምስት ብር ግድም ወጣ። ብዙ ሲበላ ዋጋውም ይጨምራል። አንድ ሺህ አምስት መቶ… የደመወዜ ሲሶ። ኪራዩስ? ወተቱስ?

ጮክ ብዬ ነው መሰለኝ የቆጠርኩት።

"ምነው ልጄ፣ ማንን ነው የምትረግሚው?" አለች እማዬ።

"ሂተሩን። ይሄ ነገር ቤታችንን ሳያፈርስ አይቀርም።"

ዞር ብላ ሂተሩን አየችው።

ጥር 7

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ካርዱ ቅዳሜ ማታ ቢያልቅስ? እሑድ የሚሞላ ባይኖርስ? ልጄ በብርድ…

የመስኮቱንና የበሩን ስንጥቅ በጨርቅና በፕላስቲክ ደፈንኩት። ከፍዬ ያሞቅኩትን አየር ለጎረቤት አልሰጥም! ቆጣሪው ደጅ፣ ከበሩ አጠገብ ነው የተሰቀለው። የቀረውን ያሳያል። ስወጣም ስገባም አያለሁ፣ ቁጥሩን ስልኬ ላይ እጽፋለሁ። ጌታሰው በስልክ፣ "ከእኔ ይልቅ ለቆጣሪው ነው የምታስቢው" አለኝ።

ጥር 9

ስገባ ክፍሉ ሞቋል፣ ሂተሩ በርቷል። ተመስገን። ሮዳስ ዛሬም ተኝታ ጠበቀችኝ። ምን ዓይነት ደግ ልጅ ናት… ቢነቀንቋት እንኳ አትነቃም። ጡት ለመያዝም ሰነፈች። እማዬ ግንባሯን በሻሽ ጥፍር አድርጋ አስራለች። "ራሴን ይወቅረኛል" አለች። ነፋሱ ይሆናል።

ጥር 11

ጥምቀት። ሱቅ ዝግ ነው፣ ቤት ዋልኩ። ሮዳስ ስትስቅ፣ ስትነጫነጭ፣ ስታለቅስ ዋለች። የእማዬም ራስ ምታት ለቀቃት። "ጸበሉ ነው" አለች። አሜን።

ጥር 13

እንደገና ተኝታ ጠበቀችኝ። ፈራሁ። ለምን እንደፈራሁ አላውቅም።

ጥር 14

ተርፋለች። ሁለቱም ተርፈዋል። ነገ እጽፋለሁ።

ጥር 15

ትናንት ሱቁ ጭር ብሎ ነበር። የቆጣሪውን ቁጥሮች ከስልኬ ላይ አውጥቼ መቀነስ ጀመርኩ። የጥምቀት ዕለት አሥር በልቷል። ልክ እንደ ሒሳቤ። ሥራ በዋልኩባቸው ቀናት ግን አራት። አራት። አራት።

መጀመሪያ ደስ አለኝ! "አተረፍን!" አልኩት ዓብዱን።

"ቆጣሪ ለማንም አያዳላም፣ እህቴ" አለኝ። "አልበላሁም ካለ አልበላም።"

ስድስት ጎደለ። ጠዋት ሦስት፣ ከሰዓት በኋላ ሦስት። እኔ የማልኖርበት ሰዓት… ታዲያ ክፍሉን ምን ያሞቀዋል?

ክው አልኩ። ዓብዱ ፊቴን አይቶ፣ "ያ አላህ! ሂጂ፣ ሂጂ!" ብሎ ባጃጅ አስቆመልኝ።

በሩ ግጥም ብሎ ተዘግቷል። ከፈትኩት። ከሰል ምድጃው መሀል ክፍሉ ላይ ተቀምጧል። ፍሙ ቀልቷል፣ ቅንጣት ጭስ የለውም። እማዬ ግድግዳ ተደግፋ፣ ስጠራት ምላሷ ተሳስሯል። ሮዳስ እጄ ላይ እንደ ጨርቅ ተዝለፈለፈች። ይዣት ወደ ግቢው ሮጥኩ። ያ ስፈራው የከረምኩት ብርድ ፊቷን መታው። አላለቀሰችም። "ሮዳስ! ሮዳስ!" ስንቴ እንደጠራኋት እንጃ… ከዚያ አንዲት ቀጭን ድምፅ። ባለባጃጁ እማዬን ተሸክሞ አወጣት። ሆስፒታል ኦክስጅን ሰጧቸው።

ማታ ስትረጋጋ እማዬ አለቀሰች። "ጭስ አይግባ አላችሁኝ። ጭሱን ደጅ ጨርሼ ፍሙን ብቻ ነው ያስገባሁት። አንኮበር እናንተን ሁሉ ያሳደግሁት በፍም አይደለም ወይ?"

ሐኪሟ አስረዳቻት። ፍም ጭስ ባይኖረውም የሚገድል አየር ያወጣል፣ አይታይም፣ አይሸትም። የአንኮበሩ የሣር ቤታችን በየቦታው ነፋስ ያስገባ ነበር። የዚህን ክፍል ስንጥቅ ማን ደፈነው? እኔ።

"ሂተሩን ለምን አጠፋሽው?" አልኳት።

"በየሌሊቱ ስትገላበጪ እሰማ የለም እንዴ፣ እናና? ልጄ በሐሳብ ከምታልቅብኝ ብዬ ነው። ልትገቢ ስትይ ምድጃውን አወጣና ሂተሩን አበራዋለሁ።"

ለእኔ ብላ። እኔ ደግሞ ለቆጣሪው ብዬ።

ጥር 17

ሁለቱም ቤት ገቡ። እማዬ ልብሷን ጠቅልላ አንኮበር ካልሄድኩ አለች። "ከእንግዲህ የሰው ልጅ አልይዝም። እጄን ፈራሁት።" እግሯ ላይ ወደቅሁ። በቁጥር ያስፈራራኋት እኔ ነኝ አልኳት። እየተላቀስን ፕላስቲኩን አብረን ቀደድነው። ቴሌቪዥኑን ልሸጠው ነው። ጌታሰው ደብረ ሲና ደርሶ ሲደውል፣ "የሰው ባይሆን ኖሮ መኪናውንም ሽጪው እልሽ ነበር" አለ።

ጥር 21

ሥራ ገባሁ። እማዬ ሂተሩን ላታጠፋ ምላልኛለች። ግን ብትረሳስ? መብራት ቢጠፋስ? አንዲት ሴትዮ ብርድ ልብስ ስትመርጥ ምን እንዳልኳት እንኳ አላስታውስም።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የግቢውን በር ሳልከፍት ሰማኋት። ሮዳስ። ሰፈሩን እስክታውክ ታለቅሳለች! ሮጬ ገባሁ።

"ይቺ ልጅ ዛሬ አስጨነቀችኝ" አለች እማዬ፣ እያባበለቻት። "ዓይኗን አልከደነችም።"

"ታልቅስ፣ እማዬ። ታልቅስ።"

ከቀማኋት በኋላ ነው ቆጣሪውን ሳላይ መግባቴን ያወቅሁት። እማዬ ቀድማኝ ወጣች። ጠዋት ያሳየኋትን ቁጥር ይዛ፣ በጣቷ እየቀነሰች ተመለሰች። ፊቴን ፈራ ተባ እያለች አየችው።

"ከጠዋት ጀምሮ ስድስት በልቷል፣ ልጄ።"

"ተመስገን" አልኩ።