ስለ ረዳቴ ስለ ማቪስና ስለ አንዲት የትሕትና ቃል

ለተከበረው የግብር መሥሪያ ቤት፣
ተቀጣሪውን ካልተቀጠረው ለሚለየው ክፍል፣

ክቡራትና ክቡራን፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብታችኋል እላለሁ። እናንተ፣ ቤተሰቦቻችሁ፣ ወንበሮቻችሁ፣ እንዲሁም ደዋይ ተራውን ሲጠብቅ የምታሰሙት የቫዮሊን ሙዚቃ ሁሉ ደኅና እንድትሆኑልኝ ከልብ እመኛለሁ። ሙዚቃውን ለይቼ ማንሣቴ ባለፈው ክረምት ከባለቤቴ ድምፅ ይልቅ እሱን አብዝቼ ስለሰማሁ ነው፤ አሁንማ ሾርባ ሳማስል ሳይቀር ሳላውቀው አንጎራጉረዋለሁ።

ስሜ ጌይነር ፖስልዌይት ይባላል። በስኪንበርን፣ ከወደቡ በላይ ባለው ዳገት ላይ፣ ግድግዳ ለግድግዳ ከተያያዙት ቤቶች በአንደኛው፣ ወላጆቻቸው ሥራ ሲሄዱ ልጆቻቸውን የማውል ሞግዚት ነበርኩ። «ነበርኩ» ያልኩት ብዕሬ ስቶ አይደለም፤ ቃሉን ያገኘሁት ከእናንተ ነውና ስለ ስጦታው ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። ይህን ደብዳቤ በከተማችን ጋዜጣ ማውጣቴንም እንደ ድፍረት አትቁጠሩብኝ፤ ለእናንተ ብቻ ብልከው የቀደሙት ደብዳቤዎቼ ካሉበት ቦታ ሄዶ እንዳያጣብባቸው አዝኜላቸው ነው።

አንደኛ፤ ስለ ስልካችሁ ቸርነት።

ነገሩ የጀመረው ጁድ በሚባል ሕፃን ነው። የሚጥል በሽታ አለበት። እናቱ ካርሊ በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች፤ ልጁን ይዛ የከተማችንን ሞግዚቶች በር ሁሉ አንኳኩታ ሲያበቃ ወደ እኔ መጣች። ከደጃፌ ሳታልፍ፣ «ጌይነር፣ እምቢ የምትዪኝ ከሆነ እዚሁ በይኝ፤ ጫማውን ሳላወልቅለት» አለችኝ። ክቡራን ሆይ፣ እናንተ በሥልጠና የጠነከረ ልብ ስላላችሁ መልስ አያጥራችሁም ነበር፤ እኔ ግን ጎንበስ ብዬ ጫማውን ራሴ አወለቅሁለት።

ሆኖም ብቻዬን እንደማልችለው አውቅ ነበር። ሕመሙ ሲነሣበት አንድ ሰው ከጎኑ ተንበርክኮ ጭንቅላቱን መደገፍ አለበት፤ በዚያችው ደቂቃ ደግሞ ሌሎቹ ልጆች ደረጃ መውጣትና እርሳስ መዋጥ ይጀምራሉ። ስለዚህ ጎረቤቴን ማቪስ ሬይን ለመንኳት። ማቪስ ልጆቿን አሳድጋ ድራ፣ የድንጋይ ከሰል ቁፋሮ ሳንባውን የበላውን ባሏን ኤሪክን የምታስታምም፣ ለዚሁም ከመንግሥት አነስተኛ ድጎማ የምታገኝ ሴት ናት። «እመጣለሁ፤ ግን ኤሪክ በምርኩዙ ግድግዳውን ከመታ ልጅሽ እጄ ላይ ቢሆንም አስቀምጬው እሄዳለሁ፤ ኋላ እንዳትቀየሚኝ» አለችኝ። እንዲሁም ሆነ። ግድግዳው ይመታል፣ ማቪስ ትወጣለች፤ ሲመቻት ትመለሳለች። ፈቃድ ጠይቃኝ አታውቅም።

እኔም ሕግ ማክበር መስሎኝ ለእናንተ ደወልኩ። ረዳቴ የእኔ ተቀጣሪ ናት ወይስ በግሏ የምትሠራ ብዬ ለጠየቅሁት፣ ከሙዚቃው በኋላ የመጣችው እመቤት በለሰለሰ ድምፅ፣ «እንዲያ ስትፈልግ የምትመጣ፣ ስትፈልግ የምትሄድ ከሆነማ በግሏ የምትሠራ ናት፤ ግብሯንም ራሷ ትክፈል» አለችኝ። ይህንኑ በጽሑፍ ትሰጪኛለሽ ወይ ብላት ሣቀች። «ኧረ የኔ እመቤት፣ ለዚህ ለዚህማ ጽሑፍ ምን ያደርጋል!» ማቪስ እንደተባለው ራሷን አስመዘገበች፤ ግብሯንም በየዓመቱ ሳታጓድል ከፈለች። በዚያች ቀን ስለቆጠባችሁት ወረቀት ምስጋና አቀርባለሁ። ያ ወረቀት ዛሬ በእጄ ቢኖር ኖሮ ይህን ሁሉ ወረቀት አላባክንም ነበር።

ሁለተኛ፤ ስለ ላካችሁልን መልካም ወጣት።

ሚስተር ፕሬንቲስን ማለቴ ነው፤ ከዓመታት በኋላ የሥራዬን ሁኔታ ሊመረምሩ የመጡትን። በእርሳቸው ላይ አንዳች ክፉ ቃል የለኝም። ጫማቸውን በር ላይ አወለቁ፣ ሻያቸውን በወተት ጠጡ፣ ከልጆቹ አንዷ ትንሿ ታቢታ ያኘከችውን ዳቦ ጉልበታቸው ላይ ስታስቀምጥ እንኳ «አመሰግናለሁ» አሉ። እንዲህ ያለ ሰው መላካችሁ ራሱ ተንኮል ነው ብዬ የማስብበት ሌሊት አለ፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ ብልሃት ከእናንተ መጠበቅ ማጋነን ይሆንብኛል።

በመጀመሪያ ግድግዳዬ ላይ በክብር የሰቀልኩትን ምስክር ወረቀት አነበቡ። የሰጠኝ የሕፃናት ጥበቃን የሚመረምረው ሌላው መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ ረዳቴን ዘወትር ከቅርብ የምቆጣጠር በመሆኔ ያመሰግነኛል። ካልተቆጣጠርኳት ያ መሥሪያ ቤት ቤቴን ይዘጋል፤ ከተቆጣጠርኳት ደግሞ በእናንተ ዘንድ አሠሪ እሆናለሁ። ሁለታችሁም የአንድ መንግሥት ልጆች ናችሁና፣ አንድ ቀን በአንድ ገበታ ተገናኝታችሁ በየትኛችሁ እጅ ብጠፋ እንደሚሻል ብትመክሩልኝ ውለታችሁን አልረሳም።

ከዚያ ማቪስን ጠየቋት። እኔ እንዳልመልስ ስለተነገረኝ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሜያለሁ። «ወይዘሮ ሬይ፣ እዚህ ቤት ምን እንደሚሠራ የሚወስነው ማን ነው?» አሏት።

እውነቱን ላስረዳችሁ። እዚያ ቤት ውስጥ የምትወስነው ማቪስ ነበረች። «ጌይነር፣ ያንን ልጅ ካልሲ አልብሺው፣ እግሩ በረዶ ሆኗል። አንቺ ደግሞ ቁጭ በይና ቁርስሽን ብዪ፣ እንደ ጉም ገርጥተሻል» ስትለኝ ተቀምጬ የምበላው እኔ ነበርኩ። ከሁለታችን ተቀጣሪ ይኑር ቢባል እንኳ ተቀጣሪዋ እኔ እንደነበርኩ ልጆቹ ሁሉ ይመሰክራሉ።

ማቪስ ግን ሽርጧን አስተካክላ ቀና ብላ ተቀመጠች፤ አንድ ጊዜም ወደ እኔ አየት አደረገች። በባለሥልጣን ፊት ወዳጇን ከፍ ለማድረግ የምትችልበት ቀን የመጣላት መሰላት። «እሷ ናት እንጂ፣ ልጄ! የቤቱ አለቃ እሷ ናት። እኔማ ያለችኝን ነው የምሠራው። ያለ እሷ ፈቃድ ማንኪያ አላነሣም» አለች።

በዚያ ቤት ከዚያ የሚበልጥ ውሸት ተነግሮ አያውቅም። ማቪስ ግን ውለታ እንደዋለ ሰው ጠቀሰችኝ። ወዲያው ግድግዳው ተመታ፤ ማንንም ሳታስፈቅድ ብድግ ብላ ወጣች። ሚስተር ፕሬንቲስ ይህን አላዩም፤ አቀርቅረው ያለችውን ይጽፉ ነበር።

ሦስተኛ፤ ስለ ውሳኔያችሁ ፍጥነት።

ማቪስ ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ ተቀጣሪዬ እንደነበረች፣ ከደመወዟ ቆርጬ ያላስገባሁትን ግብርም የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮም ከነቅጣቱ እንድከፍል ወሰናችሁ። እሷ ራሷ ስትከፍል የኖረችውስ ብዬ ብጠይቅ፣ እሱ ሌላ ክፍልን የሚመለከት መሆኑን በአክብሮት ነገራችሁኝ። ያ ሌላ ክፍል የት እንዳለ ማንም እስካሁን አልነገረኝም፤ በእናንተ ዘንድ ምሥጢር እንዲህ መጠበቁ አገር የሚያኮራ ነው።

ይህን ሁሉ እኔ እንደምንም እሸከመው ነበር። ነገር ግን ውሳኔያችሁ ብቻውን መጓዝ የማይወድ ኖሮ ለድጎማ ሰጪው ቢሮም ደረሰ። በግሏ የምትሠራ ሳለች ወጪዋ እየተቀነሰላት ድጎማው ከሚፈቅደው የገቢ ጣሪያ በታች የነበረችው ማቪስ፣ ተቀጣሪ በሆነች ማግስት ከጣሪያው በላይ ተገኘች። ባሏን በማስታመሟ ስትቀበል የኖረችውን ሁሉ እንድትመልስ ታዘዘች። ያስታመመችውን ግን መልሺ አላሏትም፤ ለዚህ አስተዋይነት ደግሞ የሚመለከተውን ቢሮ አመስግኑልኝ።

ማቪስ ደብዳቤውን ይዛ በጓሮ በር ገባች። አልተቀመጠችም።

«ጌይነር፣ ምን ብዬው ነው? ምን አልኩት ያንን ልጅ?»

«ስለ እኔ ደግ ነገር ነው የተናገርሽው፣ ማቪስ።»

«እንዲያከብሩሽ እኮ ብዬ ነው! የልጅ አፍንጫ የምትጠርግ ተራ ሴት ናት ብለው እንዳይንቁሽ ብዬ።»

«አውቃለሁ።»

«ሄጄ እነግራቸዋለሁ። ዋሽቻለሁ እላቸዋለሁ። ሲያዩኝ ይገባቸዋል።»

አላያችኋትም፤ ይግባኛችን የተሰማው በስልክ ነበርና። ማቪስ ለዚያች ስልክ የቤተ ክርስቲያን ልብሷን ለብሳ መጥታ ነበር። የተናገረችው ለትሕትና ያህል እንደነበረ፣ እኔ አዝዣት እንደማላውቅ፣ እንዲያውም እሷ እኔን ትቆጣኝ እንደነበር እየተንተባተበች አስረዳች። በወዲያኛው ጫፍ የነበሩት እመቤት ታግሠው ካዳመጧት በኋላ፣ «ወይዘሮ ሬይ፣ ያን ጊዜ ዋሽተው ከነበረ አሁን እውነቱን እየተናገሩ መሆንዎን በምን እናውቃለን?» አሏት። ክቡራን ሆይ፣ ይህ ጥያቄ መልስ የለውም። ማቪስ ስልኩን ለእኔ ሰጥታ ኮፍያዋን አነሣች።

አራተኛ የሚለውን ቁጥር ጽፌ ነበር፤ ሰርዤዋለሁ። የቀረው ቅሬታ አይደለም፣ የሆነው ብቻ ነው።

ዕዳውን ለመክፈል አቅም የሚኖረኝ ብዙ ልጆች ስይዝ ነበር፤ ብዙ ልጆች ለመያዝ ረዳት ያስፈልገኛል፤ ረዳት ለመቅጠር ደግሞ መጀመሪያ ዕዳዬን መክፈል ነበረብኝ። በዚህ ዙሪያ ጥቂት ከዞርኩ በኋላ ቤቴን ዘጋሁ። መጀመሪያ መሰናበት የነበረበት ጁድ ነው፤ ሁለት ሰው የሚያስፈልገው እሱ ነዋ። ካርሊ ትጮኽብኛለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። አልጮኸችም። «ገባኝ» ብላ ብቻ ተንበርክካ የጫማውን ክር አሰረችለት፤ ማሰሪያው ደጋግሞ አመለጣት። አሁን ሥራዋን ትታ ከልጇ ጋር ቤት ትውላለች። መጦሪያው የጎደለውን እጅ እስካሁን አላገኘም ይባላል።

ማቪስ ወደ ቤቴ መምጣት አቁማለች። ተጣልተን አይደለም። ቂም ቢሆን ኖሮ እችለው ነበር፤ አኩርፋ ስትሰድበኝ፣ እኔም መልሼ ስሰድባት፣ ገና ሲደርስ ኬክ ይዛ ስትመጣ ያልፍ ነበር። ያለው እፍረት ነው። እኔን በአፏ ያጠፋችኝ ይመስላታል፤ ኤሪክንም እንዲሁ። ባለፈው ሳምንት አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ አገኘኋትና፣ «ማቪስ፣ ነይና አንድ ስኒ ሻይ እንጠጣ እንጂ» አልኳት።

«ሌላ ቀን፣ ጌይነር።»

«የትኛውን ቀን?»

«ሌላ ቀን ነው ያልኩሽ እኮ፣ ሴትዮ» አለችኝ፤ ዓይኗ ግን መንገዱ ላይ ነበር። ለማንም ስትታዘዝ አይቻት የማላውቃት ሴት፣ አውቶቡሱ ገና ሳይቆም ገንዘቧን በእጇ ይዛ፣ አንገቷን ደፍታ ቆመች።

ውሳኔያችሁን እንድትለውጡ አልለምናችሁም። እንዲያ ያለ ተስፋ የነበረኝ ሴት ሌላ ነበረች፤ እሷም ሙዚቃውን እየሰማች አልቃለች። ይህን የጻፍኩት አንድ ሌላ ሞግዚት በሌላ ከተማ በሯ ላይ ጎንበስ ብላ የሰው ልጅ ጫማ ከማውለቋ በፊት እንድታነበው ነው። ምን ታድርግ ትሉ ይሆናል፤ እኔም አላውቅም።

ለሰጣችሁኝ ትምህርት ጎንበስ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ጥበባችሁ እንዲረዝም፣ ሰልፋችሁ እንዳያጥር፣ የምትመረምሩት ሰው እንዳያልቅባችሁ እየተመኘሁ፣

በከፍተኛ አክብሮት፣
የቀድሞዋ አሠሪ (በእናንተ ውሳኔ)፣
ጌይነር ፖስልዌይት
ስኪንበርን

ድኅረ ጽሑፍ፦ ማቪስ ሥራ ማግኘቷን ስትሰሙ ደስ ይላችኋል ብዬ አምናለሁ። ጎሕ ሳይቀድ የእናንተኑ ሕንፃ ኮሪደሮች ትወለውላለች። የጽዳት ድርጅቱ ሰዓቷን ይወስንላታል፣ ፎቋን ይመድብላታል፣ ስሙ የተጻፈበት ሽርጥ ያለብሳታል፤ ባሏ ቢታመም እንኳ ሳታስፈቅድ መውጣት አትችልም። ተቀጣሪ ነኝ ወይ ብላ ስትጠይቅ ግን፣ «አይ፣ በግልሽ ነው የምትሠሪው» ብለዋታል። እንድትመረምሩላት አልጠይቅም፤ መርምራችሁ ያላችሁትን አይተናል። ማለዳ ስትገቡ ወለሉ እርጥብ ከሆነ፣ እባካችሁ ዳር ዳሩን ሂዱ።