የመብረቅ አምላክ ሐረግ

መጋቢት 4
ዝናብ። የሩዝ ሾርባ በጨው ከተዘፈዘፈ የቀርከሃ ቀንበጥ ጋር በላሁ። ጨው ተከልክዬ... በላሁ እንጂ።
ከሰዓት በኋላ እህቴ፣ ሱፌን፣ ማሰሮ ታቅፋ መጣች። ውስጡ ጥቁር ቅቅል። ሽታው አያድርስ!
"ወንድም ጋሼ፣ ቅመስ። መምህር ኩዋንግ ነው ያፈላልኝ። ኩላሊታችን ውስጥ የቋጠረውን ውሃ ያደርቀዋል።"
መምህር! አምና የብስክሌት ጎማ ይለጥፍ የነበረው ሰው። የቀቀለው የመብረቅ አምላክ ሐረግ ሥር ነው። አባታችን ጎመኑን ትል እንዳይበላው የሚረጨው መርዝ!
"ትል መሰልኩሽ?" አልኳት።
አኩርፋ ሄደች። ማሰሮዋን ግን አልረሳችም።

መጋቢት 9
ኩዋንግ ገበያ ላይ። ጢሙን አስረዝሟል። ጢም ሲያድግ እውቀትም አብሮ የሚያድግ መስሎት...
"እናትህ ይህን ጠጥታ ቢሆን ዛሬ በሕይወት ነበረች" አለኝ፣ ሰው መሀል።
እናቴን? በዚያ አፉ?
"ሂድ ጎማህን ለጥፍ!" ብዬው አለፍኩ። ከኋላዬ ተሳቀ። በእሱ ይሁን በእኔ እንጃ።

መጋቢት 17
ሱፌን "ተሽሎኛል" ትላለች። ታንጎራጉራለች። ጅል! ሁለታችንም ከእናታችን የወረስነው አንድ በሽታ ነው። እኔ ቢያንስ ጭንቅላቴ ደህና ነው።

መጋቢት 26
ሱፌን ሆስፒታል ገባች። ስታስመልስ ነው ያደረችው። ዓይኗ ብጫ ሆኗል። ሐኪሟ ዶክተር ሁ "ሥሩ ጉበቷን ጎድቶታል" አለች።
መምህር ተብዬው ሱቁን ዘግቶ ጠፍቷል። ጀግና!
"አልነገርኩሽም?" ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እጇን አየሁት... የእናታችን እጅ። ተውኩት።

ሚያዝያ 8
ተርፋለች። ጉበቷ ግን እንደ ድሮው አይሆንም አሉ።
ዶክተር ሁ አስጠራችኝ። ከዚያው ሐረግ አንድ ንጥረ ነገር ለይተው፣ መጠኑን ለክተው፣ ለእኛው በሽታ እየሞከሩት ነው። ይሥራ አይሥራ ገና አይታወቅም። ሙከራው ውስጥ እገባ እንደሆነ ጠየቀችኝ።
ሳቄ መጣ። "ኩዋንግም ከዚያው ሐረግ ነበር የሚቀዳው። የእርስዎ ጋዋን ብቻ ነጣ ይላል።"
አልተቆጣችም። "ኩዋንግ የታካሚዎቹን ደም መርምሮ ያውቃል? ጉዳት ሲያይስ አቁሙ ብሎ ያውቃል?"
ወጣሁ። የተማረ ሲመልስልኝ ደስ አይለኝም።

ግንቦት 2
ገባሁበት። አዎ፣ እኔው።
ሱፌንም ልመዝገብ ብላ ነበር። ጉበቷን አይተው መለሷት። በሐረጉ ያመነችው እሷ... ክኒኑ የደረሰው ለእኔ፣ ለተሳዳቢው። ታለቅሳለች ብዬ ነበር። አላለቀሰችም። አጠገቤ ቁጭ አለች።
ክኒኑን መዳፌ ላይ አድርጌ ቆየሁ። ፈራሁ እንዴ?... ፈራሁ።
ውሃ ቀድታ አቀበለችኝ። "ቀስ ብለህ፣ እንዳያንቅህ" አለችኝ፣ እንደ ሕፃን።
ውሃውን ተቀበልኳት።
ዋጥኩት።