ብፌ ውስጥ የተቆለፈው የሞላ መጭመቂያ

ይድረስ ለምወድህ፣ ዛሬ ግን አጠገቤ ብትሆን በጥፊ ለማጮልህ ወንድሜ፤

ለመሆኑ ጤናህ እንዴት ነው? ዓይኖችህስ ሁለቱም አሉ? ጣቶችህን ቆጥረሃቸዋል? የአባባ ወገብ እንዴት ነው? የእማዬ ደም ግፊትስ? የጓሮው ጣሪያስ እንዴት ሰነበተ? እኔ የላክኸውን ፎቶ እስካየሁበት እስከ ማክሰኞ ድረስ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነበርኩ። ከማክሰኞ ወዲህ እህል በአፌ አልዞረም።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትል አውቃለሁ። በስልክማ ሞከርኩህ። እትዬ ደግሞ ማካበድ ትወጃለሽ ብለህ ሳቅህብኝ፤ ከዚያም ኔትዎርክ የለም ብለህ ጆሮዬ ላይ ዘጋኸው። አንተን ትቼ ለአባባ ደወልኩና የመኪና ማንሻውን ክሪክ አልጋው ሥር አስገብቶ እንዲተኛበት ነገርኩት። ስለዚህ ይህን ወረቀት ሳትጨርስ የመኪናውን የቀኝ ጎማ አትነካም። ደብዳቤውን የሚያመጣልህ ለእረፍት የሚመጣው እኔ የምሠራበት ጋራዥ ቀለም ቀቢ ነው። እፊቱ ጮክ ብለህ እንድታነበው አደራ ብየዋለሁ፤ እማዬም ትስማ።

እስቲ ልጠይቅህ፣ ምን ነክቶህ ነው? የመኪናውን ንጥረት የሚያበርደውን የግራ አሞርዛተር ልቀይር ብለህ የታመቀ ሞላ በሽቦ ጠፍረህ ሞላውን የሚይዘውን የላይኛውን ዳዶ ትፈታለህ? ሽቦው ተበጠሰ፣ ሞላው የጣሪያውን ቆርቆሮ በስቶ ወጣ። አንተ ደግሞ ጀብድ እንደሠራ ሰው ቀዳዳው ሥር ቆመህ ጥርስህን እያሳየህ ፎቶ ተነሳህ! አባባ እኮ እዚያው በርጩማው ላይ ተቀምጦ ነበር። መነጽሩን ሊያመጣ ባይነሳ ኖሮ አሁን የምጽፍልህ ሌላ ደብዳቤ ነበር። ይህንንም ራስህ ነህ የነገርከኝ፤ ያውም እንደ ቀልድ፣ አባባ ዕድለኛ ነው ብለህ። ዕድል! የሰው አባት በዕድል ነው እንዴ የሚጠበቀው? ሰፈሩ ኢንጂነር እያለ የሚጠራህ እያፌዘብህ መሆኑን እስካሁን አልነቃህም?

ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን መጭመቂያው ነው። አምና ከምልክላችሁ ሻንጣ ልብስ አውጥቼ፣ ለእሱ ቦታ ለቅቄ፣ ሞላ እንዳይፈናጠር አምቆ የሚይዝ ጥንድ መጭመቂያ ላክሁልህ። የት ነው ያለው? ብፌ ውስጥ! ከእንግዳ ብርጭቆዎች ጎን፣ ላስቲኩ እንኳ ሳይቀደድ፣ ተቆልፎበት። ልጄ የላከችውን ዕቃ ግራሶ አይነካውም አለች አሉ እማዬ። እማዬ፣ እግርሽን እስማለሁ፣ ግን በእናትሽ! ብረት እኮ ነው፤ የተሠራው ሊቆሽሽ ነው። ናፍቆትሽን በፎቶዬ ተወጪ። አንተስ ቁልፉን ስጪኝ ማለት አቅቶህ ነው? እማዬ እንዳይከፋት ብዬ ነው አልከኝ። አባባን ገንዛ ብትቀብር ደስ ሊላት ኖሯል?

እዚህ አለቃችን ኮስታራ ሽማግሌ ነው። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያሳየው ግራ እጁን ነው፤ ሦስት ጣት ነው ያለው። ከዚያ መጭመቂያውን ያቀብላል። እኔም ስድስት ዓመት ሙሉ ሞላ ሳወርድ አንድም ቀን ተዝናንቼ አላውቅም። አሁን ልብ ብለህ ስማ። መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ይቁም፤ በክሪክ ብቻ አታንጠልጥለው፣ የብረት ድጋፍ አስገባለት። ብረት ነው ያልኩህ፤ ድንጋይ አላልኩም! መጭመቂያዎቹን ሞላው ላይ ፊት ለፊት ግጠማቸው። ከዚያ አንዱን ጥቂት፣ ሌላውን ጥቂት እያልክ በእጅ ቁልፍ እኩል አጥብቃቸው፤ ለአንዱ ካደላህ ሞላው ይጣመምና ያፈተልካል። ሞላው ከመቀመጫው ላልቶ በእጅህ መዞር ሳይጀምር የላይኛዋን ዳዶ እንዳትነካት። ፊትህንም ሆነ የማንንም አባት በሞላው አፍ ትይዩ አታድርግ። ስታላላውም እንደዚያው ቀስ እያልክ ነው። ሞላው ተሰንጥቆ ወይም ዝገት በልቶት ካየኸው ተወው፣ ጋራዥ ውሰደው። ማንም ፈሪ አይልህም፤ ቢልህም ይበልህ።

ንዴቴ ለምን እንዲህ እንደበረታ ደግሞ ልንገርህ። ስልኩን ሳትዘጋብኝ በፊት፣ አንቺስ በሽቦ አስረሽ አውርደሽ የለም ወይ አልከኝ። እውነትህን ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ አንተ አጥሩ ላይ ተቀምጠህ ታየኝ ነበር። አባባ ይቺ ልጅ ወንድ ታስንቃለች እያለ ጎረቤት ጠርቶ አሳየ። ያላያችሁት ነገር ግን አለ። ሽቦውን አራት ዙር ጠምጥሜው ነበር፤ ሞላው ከወረደ በኋላ ሳየው ሦስቱ ተበጥሰዋል። አባባ እያሞገሰኝ ስለነበር አፍሬ ሽቦውን ኪሴ ከተትኩት፤ ኋላም ሽንት ቤት ጉድጓድ ጣልኩት። ያን ሽቦ ያኔ ባሳይህ ኖሮ አንተም ዛሬ ሽቦ አታነሳም ነበር። የላክሁልህ መጭመቂያ ነው፤ ያስተማርኩህ ግን ሽቦ ነው። ስለዚህ ጥፊው ለሁለታችንም ይገባናል።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ፤ ብፌውን ራሷ ትክፈትና ላስቲኩን በገዛ እጇ ትቅደደው። ታናሽ እህታችንን ጉንጮቿን ሳምልኝ፤ እናንተ ስትሠሩ ጓሮ ድርሽ እንዳትል። ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊውን፣ ቆርቆሮው ሲጮህ ሮጠው ስለደረሱልን፣ እግዜር ይስጥልኝ በልልኝ። የሽቦውን ነገር አንብበህለት ስታበቃ አባባን አንገቱን አቅፈህ ሳምልኝ። የጣሪያውን ቀዳዳ ግን እንዳትደፍኑት። ዝናብ ከገባ ባልዲ አስቀምጡ። እኔ ስመጣ አባባ በተቀመጠበት በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ ቀና ብዬ ላየው እፈልጋለሁ።

ከጋራዡ ማዶ ካለችው ክፍሌ
ኅዳር 14 ቀን

ታላቅ እህትህ