ገበታው ላይ ያንቺ ወገን

ለምወድሽና ለምናፍቅሽ እህቴ ለነሲባ፤ አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽ ተሻለሽ? እንቅልፍሽስ? የጂዳው ሙቀት በረደላችሁ? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ከናፍቆትሽ በቀር ደኅና ነን። የሰፈራችን ስልክ እስካሁን ስላልተመለሰ ይህን ደብዳቤ ለሾፌሩ ለሽፈራው ሰጥቼዋለሁ፤ ከአዲስ አበባ በሰው እጅ ይደርስሻል።

እማ አልቆሰሉም፣ አልታመሙም። ግን እህል እምቢ ብሏቸው ሰንብቷል። ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። ጦርነቱ መንገዱን ከዘጋበት ከነሐሴ ጀምሮ በቤታችን የቀረው ትንሽ ማሽላ ብቻ ነበር። ለሁላችንም እኩል ይድረስ ብዬ ትልቁን ትሪ ግድግዳ ላይ ሰቀልሁና ለየሰዉ በሳህን እየለካሁ ማቅረብ ጀመርሁ። የመምህርን ነገር ታውቂዋለሽ።

በታኅሣሥ መንገዱ ሲከፈት ጤፉም ሽሮውም ተገኘ። እማ ግን ሦስት ጊዜ ጎርሰው ሳህናቸውን ይገፋሉ። ነጠላቸው ትከሻቸው ላይ አልቆም አለ። ሠላሳ አንድ ዓመት ያስተማርሁትን አስረዳኋቸው፤ ሆድ ባዶ ሲሆን ሆርሞን በደም በኩል ለአንጎል ረሃብን ይነግራል፣ ስንጠግብ ደግሞ ሌላ ሆርሞን በቃ ይላል፣ ሥጋት ሲበዛ ይህ መልእክት ይዛባል አልኋቸው። በትዕግሥት ከሰሙኝ በኋላ፣ ይህ ሆርሞን የምትለው የማን ልጅ ነው፣ የመርሳ ነው የሲሪንቃ ብለው ጠየቁኝ። ባለቤቴ ሲቲ ሳቋ አምልጧት ጓዳ ገባች። እኔ ግን ምን ያህል እንደተረፋቸው ለማወቅ ሳህኑ ይበልጥ አስፈለገኝ።

ባለፈው ዐርብ ከጁምዓ ስመለስ ምሳቸው ሳይነካ ጠበቀኝ። ምን ሆነው ነው ብዬ ለመንኋቸው።

«ለብቻው የሚቀርብለት እንግዳ ነው» አሉኝ። «አምስት ወር ሙሉ በገዛ ቤቴ እንግዳ አደረግኸኝ፤ እንግዳ ደግሞ ጠግቦ አይበላም።»

ትሪውን አውርጄ አጠብሁት። ሦስታችንም ዙሪያውን ተቀመጥን። አንጎል የወጡን ሽታ ሲያገኝና የሚወደውን ፊት ሲያይ ሆድን አስቀድሞ እንደሚያዘጋጅ፣ ለተማሪ ሁሉ ነግሬ ለእናቴ ረስቼው ነበር። ዐሥራ አንድ ጊዜ ጎረሱ። ስቆጥር ሲቲ በክርኗ ጎሸመችኝ። ከዚያ እማ በበሩ በኩል ያለውን ወገን በጣታቸው ከልለው፣ ይህ የነሲባ ነው፣ እንዳትነኩት አሉን። ሳንነካው ተነሣን።

ነሲባ፣ ይቅር በዪኝ። ዐምና በስልክ፣ አሠሪዎችሽ ከበሉ በኋላ ማድቤት ቆመሽ ለብቻሽ እንደምትበዪ፣ እህልም አልወርድልሽ እንዳለ ስትነግሪኝ፣ ቫይታሚን ግዢ አልሁሽ። የነገርሽኝ ሌላ ነገር ነበር፤ የገባኝ አሁን ነው።

ሲቲ በናፍቆት ትስምሻለች። ጎረቤታችን ወይዘሮ አሰለፈች፣ በርበሬሽን አዘጋጅቻለሁ በልልኝ ብላለች። እማ ከዱዓቸው ጋር፣ ትሪው በቀረበ ቁጥር የሚጠይቁኝን ልከውልሻል፤ ነሲባ ከማን ጋር ትበላለች ይላሉ። ከብዙ ሰው ጋር እላቸዋለሁ። አላህ ውሸቴን እውነት ያድርገው። እስክትመጪ ትሪውን አልሰቅለውም።

ወንድምሽ ሙሐመድዘይን
መርሳ፣ ጥር 12 ቀን 2014 ዓ.ም.